ከመለያየት በኋላ ልጆችን በአንድነት ስለ ማሳደግ

ባልና ሚስት በተለያዩ ጊዜ ባልነትና ሚስትነት ይቀራል፤ አባትነትና እናትነት ግን አይቀርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ከባድ ምክንያት ካልተገኘ በቀር፥ ሕፃን እስከ 5 ዓመቱ ከእናቱ ዘንድ እንዲኖር ያዝዝ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ግን በ113ኛው አንቀጽ፥ ዳኛው የወላጆቹን ገቢ፥ ጤንነትና አኗኗር፥ የልጁንም ዕድሜና ጥቅም መርምሮ ማን እንደሚያሳድገው፥ ሌላውም ወላጅ እንዴት እንደሚጠይቀው እንዲወስን ያዝዛል።

የዳኛ ሥራ እስከዚህ ነው። ቅዳሜ ጧት በደጃፍ የሚሆነውን ግን ዳኛ አያይም። ልጁ ወደ አባቱ ሊሄድ ልብሱን ይዞ ሲቆም እናቱ «የመስከረሙን ገንዘብ ለምን አልላክህም በለው» ትለዋለች። አባትየውም በበኩሉ «እቤታችሁ ማን ይመጣል?» እያለ ይመረምረዋል። እንዲህ ሲሆን የ8 ዓመት ልጅ መልእክተኛና ሰላይ ይሆናል፤ ጥቂት ቈይቶም ሁለቱን ላለማስቀየም ሲል መዋሸትን ይማራል። እኛ ከሁሉ ይልቅ የምንፈራው ይህን ነው።

እንግዲህ የገንዘቡን ነገር ወላጆች ራሳቸው ይነጋገሩ፤ ፊት ለፊት መነጋገር ቢያቅታቸው በጽሑፍ፥ ይህም ባይሆን ሁለቱ በሚያከብሩት ሽማግሌ በኩል ይሁን። (ሽማግሌ ለማስታረቅ ብቻ ነው ያለ ማን ነው?) ድብደባ ባለበት ቤት ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በዚያ ፍርድ ቤት ይቅደም። ልጁ ቢታመም መድኃኒቱና የወሰደበት ሰዓት በወረቀት ተጽፎ ከልብሱ ጋር ይሂድ። ገናን ከአንዱ፥ ፋሲካን ከሌላው ዘንድ እንዲውል አስቀድሞ ይቈረጥለት እንጂ «ከማን ጋር ትውላለህ?» ተብሎ አይጠየቅ። ወደ ትምህርት ቤቱ ስብሰባም ሁለቱ ቢመጡ መልካም ነው፤ ጎን ለጎን መቀመጥ ግን ግዴታ አይደለም።