በብርዱ ወራት የተቋረጠ ክኒን

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሂዩስተን፣ ቴክሳስ ነው። ለውሻችን በየወሩ የልብ ትል መከላከያ ክኒን እንሰጠው ነበር። ብርዱ ሲገባ «አሁን ቢንቢ የለም» ብለን ለጥቂት ወራት ተውነው። እንደገና ልንጀምር ስንል ሐኪሙ «መጀመሪያ ደሙ ይመርመር» አሉን። ዝም ብለን ብንቀጥል ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሐኪሙ ልክ ናቸው። በሽታው የሚተላለፈው በቢንቢ ንክሻ ነው። ክኒኑ ግን ቢንቢ አያባርርም፤ የሚሠራው ወደ ኋላ ነው፤ ባለፈው አንድ ወር ገደማ የገቡትን እጮች ይገድላል። እጮቹ ካመለጡት በ6 ወር አካባቢ አድገው በሳንባ ደም ሥሮችና በልብ ውስጥ ይሰፍራሉ። ሴቷ ትል እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች! በደሙ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ልጆቿ በክኒኑ በአንድ ጊዜ ካለቁ፣ ውሻው ለሕይወት የሚያሰጋ የሰውነት መቆጣት ሊደርስበት ይችላል።

ምርመራው የሚያገኘው ያደገችውን ሴት ትል ስለሆነ፣ አሁን ነፃ ነው ቢባል እንኳ ከ6 ወር በኋላ ይደገም። ሂዩስተን ውስጥ ቢንቢ በታኅሣሥም አይጠፋም፤ ክኒኑን ዓመቱን ሙሉ ይስጡት። መጠኑ በክብደት ስለሚወሰን ያስመዝኑት፤ መዋጡንም ይዩ፣ ሶፋ ሥር የሚተፉ ብልጣ ብልጦች አሉና። ለከብት የተዘጋጀውን አይቨርሜክቲን የተባለ መድኃኒት ቀንሶ መስጠት ግን አደገኛ ነው፤ በተለይ ኮሊ ለተባለው የውሻ ዝርያ።

ውሻው ካሳለ፣ ቶሎ ከደከመ፣ ከከሳ ወይም ሆዱ ካበጠ ሳያስሮጡት በቶሎ ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩት።