በተማሪ ቤት ጨዋታ ስለሚገባ ጨዋነትና ስለ አምበል ምግባር

ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተሰናዳ ትምህርት

፩። ጨዋታ ወደ ተማሪ ቤት የገባበት ምክንያት

ልጅ በሚያድግበት ጊዜ ሥጋውም አእምሮውም ተባብረው ሊያድጉ ይገባል። ቀለም ብቻ ተምሮ ገላው የደከመ ልጅ ለአገሩ ሥራ አይበቃም፤ ጉልበት ብቻ ኖሮት ጠባዩ ያልታረመ ልጅ ደግሞ ለጐረቤቱ መከራ ይሆናል። ስለዚህ ሩጫና ዝላይ፥ እግር ኳስና መረብ ኳስ በተማሪ ቤት የተጨመሩት ልጆች ጊዜ እንዲያሳልፉባቸው ብቻ አይደለም። መምህር በሰሌዳ ጽፎ ሊያስተምረው የሚያስቸግረውን ነገር፥ ይኸውም አሸንፎ አለመታበይን፥ ተሸንፎም አለመቀየምን፥ በሕግ ሥር ማደርንና ለባልንጀራ መድከምን ሜዳው እንዲያስተምራቸው ነው። ጨዋታና ጨዋ የሚሉት ቃላት በጆሮ ይቀራረባሉ፤ በሥራም እንዲቀራረቡ ማድረግ የእኛ ፈንታ ነው።

ይህ ነገር ትንሽ ነው የሚል አንባቢ እንዳይኖር በዓይኔ ያየሁትን ልጻፍ። በአንድ ወንዝ ወዲህና ወዲያ የሚኖሩ ሁለት መንደሮች ነበሩ። ልጆቻቸው በአንድ ተማሪ ቤት ይማራሉ፤ ገበያቸውም አንድ ነው። አንድ ቀን የላይኛው መንደር ልጆች ከታችኛው መንደር ልጆች ጋራ እግር ኳስ ገጠሙ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኳሷ ግብ ተብለው በተተከሉት በሁለቱ እንጨቶች አጠገብ አለፈች፤ አንዱ ወገን ገብታለች አለ፥ ሁለተኛው ወገን በውጭ ነው ያለፈችው አለ። ዳኛው ገና ወጣት መምህር ነበረ፤ ገብታለች ብሎ ፈረደ። የተፈረደበት ወገን አምበል በጉልበቱም በፍጥነቱም የተመሰገነ ልጅ ነበር፤ ዳሩ ግን ፊሽካውን ከዳኛው እጅ ነጥቆ ወረወረ። በዳር ቆመው ይመለከቱ ከነበሩት ሰዎች አንዱ ልጁን መገሠጽ ሲገባው፥ አበጀህ አለው። ከዚያ በኋላ ድንጋይ ተወራወሩ፤ የአንድ ሕፃን ክንድ ተሰበረ።

ነገሩ በዚያው ቀን አላለቀም። ወደ ተማሪ ቤት የሚወስደው መንገድ በታችኛው መንደር በኩል ስለ ነበረ የላይኛው መንደር ልጆች ፈርተው ከትምህርታቸው ቀሩ። ከሰነበቱ በኋላ ወንዶቹ በትር ይዘው፥ ተሰብስበው መምጣት ጀመሩ፤ ከሴቶቹ ልጆች ግን አንዳንዶቹ በዚያው ቀሩ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሲያስታርቁ የእርቁን ቃል የጻፍሁት እኔ ነበርሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፥ «ለመሆኑ ጨዋታው ስንት ለስንት ነበር?» ብለው ቢጠይቁ አንዱ የተናገረውን ሌላው እያፈረሰ፥ የተስማማ ቃል ታጣ። የጠቡ መነሻ ተረስቶ ነበር፤ የልጁ ክንድና የሴቶቹ ልጆች ትምህርት ግን የሚረሳ አልሆነም።

፪። የአባቶቻችን ልማድ

ጨዋነት ከኳስ ጋራ ከውጭ አገር የመጣ ነገር አይደለም። በገና ዕለት የመንደሩ ሰው በሁለት ወገን ተከፍሎ፥ ጫፉ በቈለመመ በትር እሩሩን እየመታ ወደ ተጋጣሚው ዳርቻ ለማድረስ ይታገላል። በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ይሰለፋሉ፤ በጨዋታው መካከል ሎሌው ጌታውን ቢመታው ጌታው እንዳይቈጣ የቈየ ልማድ ነው። አባቶቻችን ይህን ማድረጋቸው ማዕርግ የማያውቁ ሆነው አይደለም፤ ሰዎች በአንድ ሕግ ሥር እኩል ካልገቡበት ጨዋታ ጨዋታ እንዳይደለ ስለ ተረዱ ነው። በገና ሜዳ የተጐዳ ሰው እንዳለ፥ ቂም ያተረፈም እንዳልታጣ እናውቃለን፤ እንግዲህ ከልማዱ መልካሙን እንያዝ፥ ክፉውን እንተው።

በቅኔ ቤት ያደገ ሰውም ይህን ትምህርት ያውቀዋል። ተማሪው ሲያወጣ ሲያወርድ የዋለውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ሲቀኝ ባልንጀሮቹ ይሰሙታል። መምህሩ ስሕተቱን እየነቀሰ ያርመዋል፤ የባልንጀራውም ቅኔ ከእርሱ ሊበልጥ ይችላል። የተበለጠው ተማሪ ቢቀየም ቅኔው አይሻሻልም፤ የበለጠውን ሰምቶ ቢማር ግን በማግሥቱ ይሻላል። በሜዳም እንዲሁ ነው። የበለጠን ሰው የጐደለንን ስላሳየን እንደ መምህር እንጂ እንደ ጠላት ሊታይ አይገባም።

፫። ከአገራችን ሯጮች የተገኘ ምሳሌ

ደራርቱ ቱሉ በአርሲ፥ በበቆጂ አገር ከብት እየጠበቀች ያደገች የገበሬ ልጅ ናት። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ሩጫ ተወዳደረች። ብርቱ ተፎካካሪዋ የደቡብ አፍሪካ ሴት፥ ኤላና ሜየር ነበረች። ደቡብ አፍሪካ ጥቍሩንና ነጩን በሕግ ትለይ ስለ ነበረ ከ1952 ዓ.ም. የሮም ኦሎምፒክ ወዲህ 32 ዓመት ከዚህ ጉባኤ ርቃ ኖራ፥ የተመለሰችው በዚያ ዓመት ነው። ሜየር ነጭ፥ ደራርቱ ጥቍር ናቸውና የሁለቱን ሩጫ ዓለም በብዙ አሳብ ይመለከተው ነበር።

ሜየር ከሩጫው መካከል ጀምራ ፊት መራች፤ ደራርቱም ከኋላዋ ሳትለይ ተከተለቻት። የመጨረሻው ዙር በደረሰ ጊዜ ደራርቱ ጥላት ሄደች፥ ከ5 ሰከንድ በሚበልጥ ጊዜም ቀድማ ገባች። ከጥቍር አፍሪካውያን ሴቶች የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዪቱ እርስዋ ናት። ይህን ያህል ክብር ባገኘችበት ሰዓት ግን ብቻዋን አልጨፈረችም፤ ሜየርን ጠብቃ አቀፈቻት፥ ሁለቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ።

ሁለተኛው ምሳሌ በአቴና ኦሎምፒክ፥ ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም. የሆነ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1988ና በ1993 ዓ.ም. በ10,000 ሜትር የኦሎምፒክ ወርቅ የወሰደ ታላቅ ሯጭ ነበር፤ በአቴና ግን እግሩን ታሞ ሳለ ሮጠ። ታናናሾቹ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ኃይሌ ወደ ኋላ መቅረቱን ባዩ ጊዜ ዘወር እያሉ፥ ርምጃቸውን ቀነስ አድርገው ጠበቁት። መከተል እንዳልቻለ ከታወቀ በኋላ ግን በሙሉ ኀይላቸው ሮጠው ቀነኒሳ 1ኛ፥ ስለሺ 2ኛ ሆኑ፤ ኃይሌ 5ኛ ወጣ።

መምህሩ ከሁለቱ ታሪኮች አንድ ነገር ነጥሎ ለልጆቹ ያስረዳ። ጨዋነት ማለት አውቆ መሸነፍ፥ ወይም በይሉኝታ መለገም አይደለም። ደራርቱም ቀነኒሳም በሚሮጡበት ጊዜ ጉልበታቸውን አልሰሰቱም። አውቆ የሚሸነፍ ሰው ተጋጣሚውን ያከበረ ይመስለዋል እንጂ እንደ ሕፃን መናቁ ነው። እስከ መጨረሻው በሕግ መታገል፥ ፍጻሜው ከታወቀ በኋላ ግን ተጋጣሚን እንደ ወንድም ወይም እንደ እኅት ማየት፥ ጨዋነት ይህ ነው።

፬። አምበል እንዴት ያለ ልጅ ይሁን

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የኢትዮጵያ ቡድን ከግብጽ ጋራ ገጠመ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፥ አምበሉም ሉቻኖ ቫሳሎ ነበሩ። ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ ተቀደመች፥ ሁለት ጊዜም አስተካከለች፤ ሁለተኛውን የማስተካከያ ግብ ያገባው አምበሉ ራሱ ነው። በተጨማሪውም ሰዓት በርትታ 4 ለ2 አሸነፈች። ሁለት ጊዜ የተቀደመ ቡድን እርስ በርሱ ቢነቃቀፍ ኖሮ ሦስተኛ ግብ ይቈጠርበት ነበር።

እንግዲህ አምበል የሚመረጠው ጉልበቱ ታይቶ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ፥ ከሁሉ በፊት ራሱን የሚገዛ ይሁን፤ እርሱ ከተቈጣ ሁሉ ይቈጣልና። በሁለተኛ፥ የተሳሳተውን ባልንጀራውን በሰው ፊት የማያዋርድ፥ ይልቁንም የሚያበረታ ይሁን። በሦስተኛ፥ ዳኛውን የሚናገር እርሱ ብቻ ይሁን፤ ሲናገርም በትሕትና ይጠይቅ፥ መልሱንም ተቀብሎ ይመለስ። በአራተኛ፥ ምስጋና ሲመጣ ለጓደኞቹ የሚያካፍል፥ ነቀፋ ሲመጣ ግን ፊት የሚቆም ይሁን። በአምስተኛ፥ ደካማውን ልጅ ከጨዋታ የማያስወጣ ይሁን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው፥ ቀጭኑም ክር ከድሩ መቈጠር አለበት።

፭። መምህሩ የሚያደርገው

1ኛ፥ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ሕጉን ለሁለቱም ወገን በአንድነት ያንብብላቸው፤ ያልተነገረ ሕግ ጠብ ያመጣል።

2ኛ፥ ሁለት መንደር ሲጋጠም ዳኛው ከሁለቱም ያልሆነ ሰው ይሁን። የግቡም እንጨት በሁለቱ ራስ ላይ ገመድ ይወጠርበት።

3ኛ፥ ተጫዋቾቹ ሳይጀምሩም ከጨረሱም በኋላ እጅ ይጨባበጡ። የተሸነፈው ወገን አምበል አሸናፊውን እንኳን ደስ ያላችሁ ይበል፤ ያሸነፈውም አምበል ስለ መልካም ጨዋታችሁ እናመሰግናለን ብሎ ይመልስ።

4ኛ፥ ዳኛውን የተሳደበ ወይም ባልንጀራውን አውቆ የመታ ልጅ፥ ከሁሉ የሚበልጥ ተጫዋች ቢሆንም እንኳ፥ ከሜዳ ይውጣ። ለብርቱው ልጅ የሚታለፍ ጥፋት ለሁሉ ሕግ ይሆናል።

5ኛ፥ ሴቶች ልጆች የሚጫወቱበት የታወቀ ሰዓትና ሜዳ ይኑራቸው። ደራርቱ ሜዳ ባታገኝ ኖሮ ከላይ ያነበብነው ታሪክ አይጻፍም ነበር።

6ኛ፥ በማግሥቱ በክፍል ውስጥ ስለ ግቡ ብቻ ሳይሆን መልካም ስላደረገው ልጅም ይናገር። ልጅ የሚመሰገንበትን ነገር ይደጋግማልና።

፮። ለሽማግሌዎችና ለወላጆች

ልጅ በሜዳ ውስጥ ሆኖ የሚያደርገውን ከሜዳው ዳር ይማረዋል። አባቱ ዳኛውን ሲሳደብ የሰማ ልጅ መምህሩ የነገረውን ሁሉ በአንድ ቀን ይረሳል። ስለዚህ ሽማግሌዎች በጨዋታው ቀን እንድትገኙ፥ ለሁለቱም ወገን እንድታጨበጭቡ፥ ጠብም ሲጀምር ገና በቃል ሳለ እንድትገቡበት እንለምናለን። በትርና ዱላ ይዞ ወደ ሜዳ መግባት ይከልከል። ጨዋታው ሲያልቅ ለሁለቱም ቡድን ቈሎና ጠላ ያልሆነ መጠጥ በአንድ ሥፍራ ቢቀርብ፥ አብሮ የበላ ልጅ በመንገድ አይደባደብም።

፯። ለመጠየቅና ለመነጋገር

1ኛ፥ ዳኛ ቢሳሳት አምበሉ ምን ማድረግ ይገባዋል?

2ኛ፥ አውቆ መሸነፍ ጨዋነት ያልሆነበት ምክንያት ምንድር ነው?

3ኛ፥ ደራርቱ ሜየርን ጠብቃ ባታቅፍ ኖሮ ከወርቁ ምን ይጐድል ነበር?

4ኛ፥ በመንደራችሁ ስለ ጨዋታ የቈየ ቂም አለን? ካለስ ለማስታረቅ ማን ቢጀምር ይሻላል?

መምህሩ አራተኛውን ጥያቄ ለልጆቹ ከማንሣቱ አስቀድሞ ከሽማግሌዎቹ ጋራ ይመካከርበት።