በርበሬን ወደ አሜሪካ ስለ ማስመጣት

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ነዋሪ ነኝ። ከአገር ቤት በርበሬ እያስመጣሁ ለመሸጥ አስቤአለሁ፤ ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን፣ የወጠኑት ሥራ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን በሻንጣ ለቤት የሚመጣውና ለገበያ የሚቀርበው በርበሬ በሕግ ፊት አንድ አይደለም። ለሽያጭ የሚገባው በርበሬ፣ የተዘጋጀበት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው ሕግ መሠረት በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን መዝገብ ካልሰፈረ፣ የዕቃውም መምጣት አስቀድሞ ካልተነገረ፣ ከወደብ አያልፍም። ዋጋው ከ2,500 ዶላር ሲበልጥ ሙሉ የጉምሩክ ሥርዓትና የዋስትና ሰነድ ስለሚጠየቅ፣ ፈቃድ ያለው የጉምሩክ አስተላላፊ ይያዙ።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚያሳስበው ግን የበርበሬው ንጽሕና ነው፤ ዛላው በሚገባ ሳይደርቅ የተከማቸ እንደ ሆነ ሻጋታ ያበቅላል፣ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የተባለውን፣ ጉበትን የሚጎዳና ለነቀርሳ የሚዳርግ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፣ መርዙም በድስት እሳት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። በላተኛው ደግሞ አምኖዎት የሚገዛ የአገርዎ ልጅ፣ ከነሕፃናቱ ነው። ስለዚህ በባልትናዋ የተመሰገነች እናትዎ እንኳ ብታዘጋጀው፣ ናሙናውን በቤተ ሙከራ ሳያስመረምሩ አንድ ኩንታል ስንኳ እንዳያስጭኑ አደራ እላለሁ።