በሩን የዘጋው ት/ቤት ዲፕሎማ ሰጠው



ከማታ ተማሪዎቼ አንዱ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሰው፣ ሰሞኑን ደብተራቸውን መለሱልኝ። «መምህር፣ የእኔ የትምህርት ጊዜ በስደት አልፏል» አሉኝ። ለእርሳቸውና እንደ እርሳቸው ለሚያስቡ ሁሉ የአንድ ጥቁር አሜሪካዊ ስፖርተኛ ታሪክ አቀርባለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጆን ኦኒል፣ በቅጽል ስሙ ባክ፣ በ1911 በፍሎሪዳ ግዛት ተወለደ። በልጅነቱ በሳራሶታ ከተማ አካባቢ በአትክልት እርሻ ይሠራ ነበር። በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት ቢኖርም የሚቀበለው ነጮችን ብቻ ነበር። ስለዚህ ባክ ከቤተሰቡ ተለይቶ ወደ ጃክሰንቪል ከተማ ሄደ። እዚያም ጥቁሮች በሚማሩበት በኤድዋርድ ዋተርስ ኮሌጅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ፈጸመ፤ ሁለት ዓመትም የኮሌጅ ትምህርት ጨመረ።

የባክ ስፖርት ቤዝቦል ነው። ይህ ጨዋታ በየወገኑ ዘጠኝ ተጫዋቾች አሉት፤ አንዱ የወረወረውን ትንሽ ኳስ ሌላው በዱላ መትቶ ይሮጣል። በዚያ ዘመን ትልቁ የአሜሪካ ሊግ ጥቁር ተጫዋች አያስገባም ነበር። ይህም በጽሑፍ የወጣ ሕግ ሳይሆን የቡድን ባለቤቶች ስምምነት ነበር። በመሆኑም ጥቁሮች በ1920 የራሳቸውን ሊግ መሠረቱ። ባክ በ1938 ካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ የተባለውን ቡድን ተቀላቀለ። ተጫዋቾቹ ለውድድር በአውቶቡስ ሲዘዋወሩ ብዙ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች አያስተናግዷቸውም ነበር።

በ1947 የቀድሞው የሞናርክስ ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን ወደ ትልቁ ሊግ ገባ። በዚያን ጊዜ ባክ 35 ዓመቱ ነበር፤ በትልቁ ሊግ የመጫወት ዕድል አልደረሰውም። እርሱ ግን ወጣቶችን ማሠልጠን ያዘ። በ1962 በቺካጎ ከብስ ቡድን የትልቁ ሊግ የመጀመሪያ ጥቁር አሠልጣኝ ሆነ። በ1990 ደግሞ የጥቁሮች ሊግ ታሪክ እንዳይረሳ በካንሳስ ሲቲ ቤተ መዘክር ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ነበር።

በ1995 የሳራሶታው ት/ቤት የክብር ዲፕሎማ ሰጠው። ባክ 83 ዓመት ሆኖት ነበር።

በ2006 ከጥቁሮች ቤዝቦል 17 ሰዎች ለስፖርቱ የዝና አዳራሽ ሲመረጡ እርሱ ሳይመረጥ ቀረ። ሆኖም በበዓሉ ላይ ቆሞ፣ ሁሉም በሕይወት ስላልነበሩ፣ ስለ እነርሱ ንግግር አደረገ። በዚያው ዓመት በ94 ዓመቱ ዐረፈ። እርሱ ራሱ ወደ ዝና አዳራሹ የገባው በ2022 ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን? በደሉ በደል ነው፤ ዘግይቶ የመጣ ዲፕሎማ የጠፋውን ጊዜ አይመልስም። ነገር ግን ባክ ያ በር እስኪከፈት ቆሞ አልጠበቀም። ዲፕሎማው ሲመጣ እርሱ ተምሮ፣ ሠርቶ፣ ሌሎችንም አስተምሮ ነበር።

የማታ ተማሪዬ ሆይ፣ ደብተርዎ እኔ ዘንድ ነው። ሰኞ ይምጡ።

ጥያቄዎች
1. ባክ ትምህርቱን ለመቀጠል ምን አደረገ?
2. ጥቁሮች የራሳቸውን ሊግ የመሠረቱት ለምንድን ነው?
3. በ2006 ባክ ያደረገውን እርስዎ ቢሆኑ ያደርጉት ነበር? ከጎረቤትዎ ጋር ይወያዩበት።