ለንግድ ዕቃ ተስማሚ መያዣ ስለ መምረጥ፤ የቡና ምሳሌ

ብዙ ነጋዴ ስለ ዕቃው ጥራትና ስለ ዋጋው አጥብቆ ይመረምራል፤ ስለ መያዣው ግን የሚያስበው ዕቃው ለጉዞ በሚሰናዳበት በመጨረሻው ቀን ነው። ያን ጊዜም ርካሹን ወይም በቅርብ የተገኘውን ይወስዳል። ይሁን እንጂ በብዙ ድካም የተመረተ ዕቃ በመያዣው ጉድለት ብቻ ደረጃውን የሚያጣበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ለአገራችን የውጭ ንግድ ዋነኛ የሆነውን ቡናን ምሳሌ አድርገን፣ መያዣ እንዴት እንደሚመረጥ ባጭሩ እናስረዳለን።

የመጀመሪያው ደንብ ይህ ነው፤ «ጠንካራው መያዣ የትኛው ነው?» ከማለት በፊት «የዚህ ዕቃ ጠላቱ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። የአንዱ ዕቃ ጠላት እርጥበት ነው፤ የሌላው ብርሃን፣ የሌላው አየር፣ የሌላውም ባዕድ ሽታ ነው። ያው አንዱ ቡና እንኳ ጥሬ ሳለና ከተቆላ በኋላ ጠባዩ ይለያያል።

፩ኛ፤ ጥሬ ቡና

ጥሬ ቡና ደረቅ መስሎ ቢታይም በውስጡ ውኃ አለ። የዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት በ1996 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ፣ እርጥበቱ ከመቶ 8 እጅ ያነሰ ወይም ከመቶ 12.5 እጅ የበለጠ ቡና ወደ ውጭ እንዳይላክ መክሯል። የዚህ ምክር ጥቅም በሒሳብ ሲታይ ይገለጣል። ባለ 60 ኪሎ ግራም 320 ጆንያዎች በአንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ቢጫኑ፣ ቡናው 19,200 ኪሎ ግራም ይመዝናል። እርጥበቱ ከመቶ 12 እጅ ቢሆን፣ ከዚህ ውስጥ 2,304 ኪሎ ግራሙ ውኃ ነው። እርጥበቱ በአንድ እጅ ብቻ ቢጨምር፣ ተጨማሪ 192 ሊትር ያህል ውኃ አብሮ ይጓዛል ማለት ነው።

ይህም ውኃ በመንገድ ላይ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ጭነቱ ከደጋው ወርዶ ጅቡቲ ወደብ ሲደርስ፣ በሙቀቱ ኃይል ከፍሬው እየተነነ ወደ ኮንቴይነሩ አየር ይወጣል። መርከቡ ወደ ቀዝቃዛ ባሕር ሲገባ ደግሞ ጣራው ስለሚቀዘቅዝ፣ ተኑ ጠብታ ሆኖ በላይኞቹ ጆንያዎች ላይ ይወርዳል። ገዢውም በሩን ሲከፍት ሻጋታ ያገኛል። ስለሆነም ጣራውንና ግድግዳውን በወፍራም ወረቀት መሸፈን የመያዣው ሥራ አንድ ክፍል ነው።

የጁት ጆንያ አየር ያስተላልፋል፤ ሲደረደርም አይንሸራተትም። ነገር ግን እርጥበትንም ሽታንም ስለማይከለክል፣ ከቆዳ፣ ከቅመማ ቅመምና ከነዳጅ አጠገብ ሊቀመጥ አይገባውም። ጁት በሚፈተልበት ጊዜ በዘይት ስለሚለሰልስ፣ ነጋዴው በዕፀዋት ዘይት የተሠራውን ለይቶ መግዛት አለበት፤ የማዕድን ዘይት ሽታው ወደ ቡናው ይተላለፋል።

በተለምዶ «ማዳበሪያ» የሚባለው የፕላስቲክ ጆንያ ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ሆኖም ሲከመር ይንሸራተታል። ቀድሞ ማዳበሪያ ወይም ሌላ ኬሚካል የያዘው ግን ለምግብ ዕቃ ከቶ ሊውል አይገባም።

አየር የማያስገባው የውስጥ ከረጢት የጥሩ ቡናን ቃና ለረጅም ጊዜ ይጠብቃል። ነገር ግን ቡናን አያደርቅም፤ እርጥብ ሆኖ የገባው ቡና እዚያው ታፍኖ ይበላሻል። ከረጢቱ የተሰጠውን ጠባቂ እንጂ የተበላሸውን አዳኝ አይደለም። ስለዚህ አፉ ከመታሰሩ በፊት እርጥበቱ በመሣሪያ ይለካ።

፪ኛ፤ የተቆላ ቡና

የተቆላ ቡና ጠላቶቹ አየር፣ እርጥበትና ብርሃን ናቸው። ከዚህም በላይ ከተቆላ በኋላ ለብዙ ቀናት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። መውጫ በሌለው ከረጢት ወዲያው ቢታሸግ ከረጢቱ ይነፋል፤ ሊፈነዳም ይችላል። ጋዙ እስኪወጣ ሜዳ ላይ ቢተው ደግሞ መዓዛው አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ጋዙን ወደ ውጭ የሚያስወጣ፣ አየርን ግን ወደ ውስጥ የማያስገባ ቫልቭ ያለው፣ የአሉሚኒየም ንጣፍ የተደረበበት ከረጢት ይመረጣል። ተራ የወረቀት ከረጢት የሚበቃው በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሚጠጣ ቡና ብቻ ነው። የተፈጨውም ከፍሬው ይልቅ ቶሎ ስለሚበላሽ የበለጠ ጥንቃቄ ያሻዋል።

በመጨረሻም የመያዣ ዋጋ የሚመዘነው ከሌላ መያዣ ዋጋ ጋር ብቻ ሳይሆን፣ በውስጡ ካለው ዕቃ ዋጋ ጋር ነው። አዲስ መያዣ የሚሞክር ነጋዴ ጥቂቱን አሽጎ፣ ጉዞው የሚፈጀውን ያህል ጊዜ በመጋዘን አቆይቶ፣ ከፍቶ ያስቀምስ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባል፣ ከማሸግም መመርመር ይቅደም።