ስለ ዴ ላ ሶል ዜማ መለወጥና ስለ አድማጮች ፍርድ



የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ ሙዚቃ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ ባዘዙኝ ጊዜ ስለ ክራር ወይም ስለ በገና እጽፋለሁ ብለው ሳይገምቱ አልቀሩም። እኔ ግን የመረጥሁት ስለ አንድ የአሜሪካ የሂፕ ሆፕ ቡድን ነው። ራፕ የሚባለው ነገር በብዙ ወላጆች ዘንድ እንደ ጩኸት የሚቈጠር መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ጥቂት ታገሡኝ። ነገሩ የተነሣው በቤታችን ውስጥ በእኔና በአጎቴ መካከል ከተደረገ ክርክር ነውና፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ ገና አልተቈረጠም። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።

ቡድኑ ዴ ላ ሶል ይባላል። ኬልቪን መርሰር፣ ዴቪድ ጆሊኮርና ቪንሰንት ሜሰን በኒው ዮርክ አጠገብ፣ በሎንግ አይላንድ፣ አሚቲቪል በምትባል ከተማ እንደ እኛ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳሉ የተዋወቁ ናቸው። የመድረክ ስማቸው እንኳ የተማሪ ጨዋታ ነው። ዴቪድ እርጎ ይወድ ስለ ነበር የእርጎን የእንግሊዝኛ ስም ከኋላ ወደ ፊት አንብቦ ራሱን ትሩጎይ አለ፤ ኬልቪንም ሌላ ስሙን እንዲሁ ገልብጦ ፖስድኑስ ተባለ። ቪንሰንት ሸክላ አጫዋች ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አልበሞች አብሯቸው ያቀናበረው የዚያው ከተማ ልጅ ፕሪንስ ፖል ነበር።

በ1989 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው «ስሪ ፊት ሃይ ኤንድ ራይዚንግ» እንዴት እንደ ተሠራ ለማያውቁ ላስረዳ። ከአሮጌ ሸክላ ላይ ትንሽ ክፍል፣ ለምሳሌ አንድ የከበሮ ምት ወይም አንድ የጊታር ዜማ፣ ይቈረጥና በማሽን እየተደጋገመ እንዲሄድ ይደረጋል፤ በዚያ ላይ ግጥም ይባልበታል። ይህ ሳምፕል ይባላል። ለእኛም ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የሙላቱ አስታጥቄ «የገሌ ትዝታ» ናስና ዴሚያን ማርሊ በ2010 በአንድነት ላወጡት ዘፈን በዚህ ዐይነት መሠረት ሆኖላቸዋል። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ የሂፕ ሆፕ ሰዎች ይቈርጡ የነበረው ከጄምስ ብራውን ሸክላዎች ነበር። የዴ ላ ሶል ልጆች ግን በእጃቸው የገባውን ሸክላ ሁሉ አልናቁም። በአንዱ ዘፈናቸው የስቲሊ ዳን ዜማና የኦቲስ ሬዲንግ ፉጨት ጐን ለጐን ይሰማሉ፤ በሌላው ላይ የፈረንሳይኛ ማስተማሪያ ሸክላ ይናገራል። ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስደነቀኝ «ዘ ማጂክ ነምበር» የተባለው ነው። መሠረቱ የአሜሪካ ቴሌቪዥን በ1973 ሕፃናትን በሦስት ማባዛት ያስተማረበት መዝሙር ነው። ይህን ለሒሳብ አስተማሪያችን ብነግራቸው አንድ ጊዜ ፈገግ ብለው «በሰባት የሚያባዛውስ የለም?» አሉኝ።

አጎቴ በዚያ ዘመን በዋሽንግተን ከተማ ቀን እየተማሩ ሌሊት የመኪና ማቆሚያ ይጠብቁ ነበር። ካሴቱን ገዝተው በጥበቃ ቤቱ ውስጥ በትንሽ ቴፕ ሌሊቱን ሁሉ ያዳምጡት እንደ ነበር ይናገራሉ። «ሌላው ሁሉ ሲፎክር እነዚህ ልጆች እየሳቁ መጡ፤ እንቅልፌን ያባረረልኝ ቡና አይደለም፤ እነርሱ ናቸው» ይላሉ። እንደ አጎቴ ያሉ አድማጮች ብዙ ነበሩ። «ሚ ማይሰልፍ ኤንድ አይ» የተባለው ዘፈን በአሜሪካ የጥቁሮች ሙዚቃ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። የአልበሙ ሽፋን በደማቅ ቀለምና በአበባ ያጌጠ ስለ ነበር ጋዜጠኛውም አድማጩም «የሂፕ ሆፕ ሂፒዎች» አላቸው። ይሁን እንጂ ዴዚ የተባለው የአበባው ስም ለልጆቹ የምሕጻረ ቃል ጨዋታ ነበር፤ ሲፈታ «የውስጥ ድምፅ» እንደ ማለት ነው። አድማጭ ወርቁን ትቶ ሰሙን ያዘ።

ከዚህ በኋላ ነው ጠቡ የመጣው። በግንቦት 1991 ሁለተኛው አልበም ወጣ፤ ስሙ በአማርኛ ሲተረጐም «ዴ ላ ሶል ሞቷል» ማለት ነው። በሽፋኑ ላይ የአበባው ማሰሮ ተገልብጦና ተሰብሮ ይታያል። በውስጡም ከሳቁ ጋር ሌላ ነገር አለ። አንዱ ዘፈን በገዛ አባቷ ግፍ ስለ ተፈጸመባት ልጅ ይናገራል፤ አባትዮው በሰው ዘንድ የተመሰገነ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ስለ ሆነ የሚያምናት አታገኝም። ሌላው ዘፈን በአደንዛዥ ዕፅ ስለ ጠፋ ወንድም ነው። በዘፈኖቹ መካከል የገቡት ጭውውቶች ደግሞ የአድማጭን ፍርድ ራሱን የሚያሳዩ ናቸው፤ እንደ ሕፃናት የንባብ ካሴት ሆነው ተሠርተዋል። አንድ ልጅ የዴ ላ ሶልን ካሴት ከቈሻሻ መጣያ ያገኛል፤ ጉልበተኞች ይቀሙትና እየሰሙ ይሳደባሉ፤ በመጨረሻም ወደ ቈሻሻው መልሰው ይጥሉታል። እኔ ይህን በሰማሁ ጊዜ፣ የሚመጣባቸውን ስድብ አስቀድመው ራሳቸው ቀድተውታል ብዬ ተገረምሁ።

እንግዲህ አድማጮች ተከፈሉ። በዚያን ጊዜ በሂፕ ሆፕ ወዳጆች ዘንድ የሚከበረው «ዘ ሶርስ» የተባለው መጽሔት ከአምስት አምስት ሰጠው። ነገር ግን እንደ መጀመሪያው አልተሸጠም። አጎቴም ካሴቱን ገዝተው አንዱን ገጽ ከሰሙ በኋላ ለአንድ የሥራ ባልደረባቸው ሰጡት። እኔ በዚህ ነገር እሟገታቸው ነበር፤ «አርቲስት እንዳይለወጥ ይከለከላልን?» እላቸው ነበር። አንድ ማታ እንዲህ ብለው መለሱልኝ፦

«አንተ ልጅ፣ ያ ግንቦት ምን እንደ ነበር ታውቃለህ? አዲስ አበባ ልትያዝ ነው ይባላል፤ ስልክ ብደውል አይገባም፤ እናቴ ትኑር አትኑር አላውቅም። ለመሳቅ ብዬ ገንዘቤን ከፍዬ የገዛሁት ካሴት በላዩ ሞት ተጽፎበት አገኘሁት።»

በዚያው ወር መጨረሻ የደርግ መንግሥት ወደቀ። አያቴም ደኅና ነበሩ። አጎቴ ግን ወደ ዴ ላ ሶል ተመልሰው አልሄዱም። ከዚያ ማታ ጀምሮ «አላዋቂ አድማጭ» የሚለውን ቃል በእርሳቸው ላይ መናገር ተውሁ፤ ክርክሩን ግን አልተውሁም።

የድምፁ መለወጥ ምክንያቱ ምን ነበር ብሎ ለሚጠይቅ፣ አንደኛው ምክንያት የልብ ነው። ልጆቹ በአበባው ሰልችተው ነበር፤ ያን የታወቀ ዘፈናቸውን እንኳ መድረክ ላይ መጫወት እንደ ሰለቻቸው በግልጽ ይናገሩ ነበር። ሁለተኛው የሕግ ነው፤ ይህን ብዙ አድማጭ አይቈጥረውም። ከላይ በጠቀስሁት የፈረንሳይኛ ትምህርት ሥር የሚሰማው ዜማ ተርትልስ ከተባለ የቀድሞ ቡድን ያለ ፈቃድ የተቈረጠ ስለ ነበር ባለቤቶቹ ከሰሱ፤ ጉዳዩም በስምምነትና በገንዘብ አለቀ። በታኅሣሥ 1991 ደግሞ በኒው ዮርክ አንድ ዳኛ በሌላ ራፕ ዘፋኝ በቢዝ ማርኪ ነገር ላይ፣ ያለ ፈቃድ ሳምፕል ማድረግ ስርቆት ነው ብሎ ፈረደ። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዷ ቍራጭ ፈቃድ መጠየቅና ዋጋ መክፈል ግድ ሆነ። በደርዘን የሚቈጠር ሸክላ በአንድ አልበም ውስጥ መስፋት የሀብታም ሥራ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ «እንደ መጀመሪያው ለምን አይሠሩም?» የሚል አድማጭ መቀሱ መወደዱን ማሰብ ነበረበት።

በ1993 የወጣው ሦስተኛው አልበም «በሉን ማይንድስቴት» ነው። በዚህ ላይ የጄምስ ብራውንን ሸክላ በመቍረጥ ፈንታ የጄምስ ብራውንን ነፊዎች ራሳቸውን፣ ሜሲዮ ፓርከርን፣ ፍሬድ ዌስሊንና ፒ ዊ ኤሊስን አመጡ። በአንደኛው ክፍል ራፕ የለም፤ ሳክስፎን ብቻ ይሰማል። ራፕ ብሎ የገዛ ሰው ምን እንዳለ መገመት አያስቸግርም። በ1996 የወጣው «ስቴክስ ኢዝ ሃይ» ያለ ፕሪንስ ፖል የተሠራ የመጀመሪያው ነው። ጨዋታው ቀንሷል፤ ከበሮው ደርቋል፤ ንግግሩም የሂፕ ሆፕን መበላሸት የሚወቅስ ነው። የአልበሙን ስም የያዘውን ዘፈን ያቀናበረው ጄይ ዲ የተባለ የዲትሮይት ወጣት ሲሆን፣ በኋላ ጄ ዲላ ተብሎ ዝናው የወጣው እርሱ ነው።

እኔ እንግዲህ መጀመሪያ የሰማሁት ይህን አራተኛውን ነው። በኋላ የመጀመሪያውን ስሰማው ልጅነት መሰለኝ፤ «እነዚህ ሰዎች ከመብሰላቸው በፊት እንዲህ ነበሩን?» አልሁ። አጎቴ ከፊት ወደ ኋላ ሲያዝኑ እኔ ከኋላ ወደ ፊት ስንቅ ኖሬያለሁ። የሁለታችንንም ጆሮ የዳኘው የሰማንበት ተራ መሆኑን የተረዳሁት ለሦስት የክፍል ጓደኞቼ ሳላስረዳ አራቱንም ባሰማኋቸው ጊዜ ነው። ጊታር የሚመታው የመጀመሪያውን መረጠ። ሁለተኛው ወንድ ልጅ ሁሉም አንድ ናቸው አለ፤ (ይህንንም እንደ ፍርድ ቈጥሬ ጽፌዋለሁ)። ሦስተኛዪቱ ግን «ቃሉን ሁሉ ስለማልይዘው በከበሮው ነው የምፈርደው» ብላ አራተኛውን መረጠች። በመካከላችን እውነቱን የተናገረች እርሷ ትመስለኛለች።

እኔ ተራውን አዛብቼ የሰማሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሳምፕሎቹ የተፈቀዱት ለሸክላና ለካሴት እንጂ ለኢንተርኔት ስላልነበረ የቀድሞ አልበሞቻቸው ለብዙ ዓመታት በኢንተርኔት የሙዚቃ አገልግሎቶች ላይ አልተገኙም። ልጆቹም፣ አሁን ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ በየካቲት 1914 ሳይሆን በየካቲት 2014 (ሳርመው ራሴን አሳቀኝና ተውሁት) ሥራዎቻቸውን ለ25 ሰዓት ብቻ በነፃ አደሉ። በ2016 ላወጡት አልበም ደግሞ ከ11 ሺህ የሚበልጡ ወዳጆቻቸው ከ600 ሺህ ዶላር በላይ አዋጡላቸው፤ ዘዴያቸውም የብልህ ነበር፤ ሙዚቀኞችን ሰብስበው ከ200 ሰዓት በላይ አስጫወቱና የገዛ ራሳቸውን ቅጂ ቈረጡ። አሮጌዎቹ አልበሞች ለሁሉ የተከፈቱት የመጀመሪያው በወጣ በ34ኛው ዓመት፣ መጋቢት 3 ቀን 2023 ነው። እርጎ ወዳዱ ዴቪድ ጆሊኮር በ54 ዓመቱ የሞተው የካቲት 12 ቀን ነው፤ ሦስት ሳምንት እንኳ አልቀረውም ነበር።

በዚያ መጋቢት አጎቴን ለመንኋቸው፤ በተራ አብረን እንድንሰማ። ሁለተኛውን ባሰማኋቸው ማታ ምንም ሳይናገሩ እስከ መጨረሻው ተቀመጡ። ጉልበተኞቹ ካሴቱን ወደ ቈሻሻው ሲጥሉት ቀና አሉና «እስከዚህ ድረስ አልሰማሁትም ነበር» አሉኝ። ወደድሁት አላሉም። በማግስቱ ሦስተኛውን ከፈትሁ፤ ሳክስፎኑ ሲጀምር እናቴ ከማዕድ ቤት ብቅ ብላ «ይህን የሚነፋው ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። «ሜሲዮ ፓርከር ነው» አልኋት። አጎቴም «ይህንንም አልገዛሁትም ነበር» ብለው ወንበራቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጉ።