ለዛፍ ችግኝ የሚሆነውን የፕላስቲክ ልክ ስለ መምረጥ

ዛፍ የሚተክል ገበሬ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ዘሩ፣ ስለ ጉድጓዱና ስለ ዝናቡ ነው። ችግኙ ስላደገበት ፕላስቲክ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በሐምሌ ለምልሞ የተተከለ ችግኝ በጥር ደርቆ ሲገኝ፣ ወይም ጥቂት ዓመት ያደገ ዛፍ በነፋስ ተነቅሎ ሲወድቅ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ገና በችግኝ መደቡ ላይ፣ ፕላስቲኩ በተመረጠበት ቀን ነው።

በአገራችን ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። የተተከለው ብዛት ትልቅ ነገር ነው፤ ለገበሬው የሚጠቅመው ግን የጸደቀው ብዛት ነው። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ በየክረምቱ የደጋውን አፈር ጠርገው ወደ ፎገራ ሜዳና ወደ ጣና ያወርዱታል። ሥሩ ወደ ታችና ወደ ጎን በደንብ የተዘረጋ ዛፍ ይህን አፈር ሊይዝ ይችላል።

ስለዚህ የዚህ ትምህርት ዋና ደንብ የሚከተለው ነው። የፕላስቲኩ ልክ የሚመረጠው ችግኙ በውስጡ በሚቆይበት ጊዜና በሚተከልበት ቦታ ነው እንጂ በመደቡ ላይ በሚደረደረው ብዛት አይደለም።

1. ልኩ ሲያንስና ሲበዛ የሚመጣው ጉዳት

ሥር በተፈጥሮው ወደ ታች ይወርዳል። በጠባብ ፕላስቲክ ውስጥ ግን ከግድግዳው ጋር ሲጋጠም መሄጃ ስለሚያጣ እንደ ገመድ ይጠቀለላል። በመደቡ ላይ ጠዋትና ማታ ውሃ ስለሚያገኝ ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፤ ጉዳቱም አይታይም። ከተተከለ በኋላም የተጠቀለለው ሥር በቀላሉ አይፈታም። ዝናቡ ሲያቆም ችግኙ ከታች ያለውን እርጥበት መድረስ ስለማይችል ይደርቃል። ከበጋው ቢተርፍ እንኳ ሥሮቹ እየወፈሩ ሲሄዱ እርስ በርሳቸው ይተናነቃሉ፤ ግንዱም ጥሩ መያዣ ስለማይኖረው በነፋስ ይወድቃል።

ከልክ በላይ ሰፊ የሆነውም ጥሩ አይደለም። ትንሽ ችግኝ ብዙ አፈር ውስጥ ሲቆም ከታች ያለውን ውሃ አይጨርሰውም፤ አፈሩ ረግረግ ሆኖ ሥሩን ያበሰብሳል። ሥሩ አፈሩን ሁሉ ስላልያዘውም ፕላስቲኩ ሲቀደድ አፈሩ ይፈርሳል፤ ችግኙም ራቁቱን ይቀራል። በተጨማሪ አፈር ማጓጓዙ፣ መሙላቱና መሸከሙ ድካሙን ያበዛዋል።

2. ልኩ እንዴት እንደሚታወቅ

ፕላስቲኩ የሚለካው ሳይሞላ፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ሳለ ነው። የጠፍጣፋውን ስፋት በ2 አባዝቶ ለ3.14 ቢያካፍሉት ሲሞላ የሚኖረውን የአፉን ስፋት ይሰጣል። በዚህ ሒሳብ የአራት ልኮች ልዩነት እንደሚከተለው ነው። ክብደቱ የእርጥብ አፈር ግምት ነው።

ሀ) ጠባብ፦ ጠፍጣፋ ስፋቱ 8፣ ቁመቱ 15 ሳንቲ ሜትር። የሚይዘው አፈር 0.3 ሊትር ያህል፣ ክብደቱ 0.4 ኪሎ ነው።

ለ) መካከለኛ፦ ስፋቱ 12፣ ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር። የሚይዘው 0.9 ሊትር ያህል፣ ክብደቱ 1.2 ኪሎ ነው።

ሐ) ሰፊ፦ ስፋቱ 16፣ ቁመቱ 25 ሳንቲ ሜትር። የሚይዘው 2 ሊትር ያህል፣ ክብደቱ 2.6 ኪሎ ነው።

መ) በጣም ሰፊ፦ ስፋቱ 20፣ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር። የሚይዘው 3.8 ሊትር ያህል፣ ክብደቱ 5 ኪሎ ነው።

ከዚህ እንደሚታየው ስፋቱ ከ8 ወደ 16 ሲያድግ ዓይን እጥፍ ብቻ ያያል፤ አፈሩ ግን ከስድስት እጥፍ በላይ ይሆናል። 50 ኪሎ የምትጭን አህያ ከጠባቡ 125፣ ከመካከለኛው 40 ያህል፣ ከሰፊው 19፣ በጣም ሰፊ ከሆነው 10 ብቻ ትወስዳለች። ወደ ጉና ዳገት የሚወጣ ችግኝና ከቤት ጓሮ የሚተከል ችግኝ በአንድ ልክ መዘጋጀት የሌለባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

3. ለየትኛው ተክል የትኛው ልክ

የመትከያው ጊዜ ሐምሌ ስለሆነ ገበሬው ከሐምሌ ወደ ኋላ ቆጥሮ መዝራት ይኖርበታል።

ባሕር ዛፍ በፍጥነት ያድጋል። በመጋቢት መግቢያ የተዘራ ለሐምሌ ይደርሳል፤ ስለዚህ ጠባቡ ይበቃዋል። ከዚህ አስቀድሞ መዝራት ሥሩን ማስጠቅለል ነው።

ጌሾ በመደብ ላይ ግማሽ ዓመት ያህል ስለሚቆይ መካከለኛው ይስማማዋል። ዋንዛም ቅጠሉ ሰፊ፣ ሥሩ ፈጣን ስለሆነ በጠባቡ መዝራት አይገባም። ዋንዛ የወይና ደጋ ዛፍ መሆኑን ማስታወስ ያሻል፤ ብርዱ ለሚበረታበት ለደብረ ታቦር ከፍታ አይመከርም።

ጽድ፣ ወይራና ኮሶ እንደ ቦታው ብርድ ከ8 ወር እስከ 1 ዓመት ሊቆዩ ይችላሉ። ለነዚህ መካከለኛው ዝቅተኛው ልክ ነው። ዝግባ እጅግ ዝግ ብሎ የሚያድግ ስለሆነ፣ ከአንድ ዓመት በላይ የሚቆይ ከሆነ በሰፊው ማዘጋጀት ይሻላል። የነዚህ ዛፎች ዘር በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ይገኛል፤ አስተዳዳሪውን አስፈቅዶ መልቀም ይገባል።

በፎገራና በደራ ዝቅ ባለው ወገን ለሚተከል አቮካዶ፣ ችግኙ ተዳቅሎ እስኪጸና ድረስ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ በጣም ሰፊው ያስፈልገዋል።

4. አሞላልና አያያዝ

የተለመደው ድብልቅ 3 እጅ የአካባቢ አፈር፣ 2 እጅ የጫካ አፈር ወይም የበሰለ ብስባሽ፣ 1 እጅ አሸዋ ነው። አፈሩ ዋልካ ከሆነ አሸዋው ይጨመር። ታቹ የተዘጋ ፕላስቲክ ከሆነ ውሃ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ይበጁለት። ሲሞላ መሐሉ እንዳይጎብጥ እየነቀነቁ ማጥበቅ ያስፈልጋል።

ጠባብ ፕላስቲክ ቶሎ ይደርቃል፤ በኅዳርና በታኅሣሥም ውርጭ ቶሎ ይደርስበታል። ስለዚህ መደቡን ሌሊት በሣር ዳስ መሸፈን ይገባል። ሥሩ ከታች መውጣት ሲጀምር ፕላስቲኩን አንሥቶ የወጣውን በምላጭ ወይም በመቀስ መቁረጥ፣ ይህንንም በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ መደጋገም ነው። ከመተከሉ በፊት ባሉት ሳምንታት ውሃውንና ጥላውን ቀስ በቀስ መቀነስ ችግኙን ያጠነክረዋል።

5. ከመግዛትና ከመትከል በፊት መፈተን

በገበያ ብዙ ሰው የሚመርጠው ረጅሙን ችግኝ ነው። ነገር ግን በጠባብ ፕላስቲክ የቆመ ረጅም ችግኝ ከሁሉ የከፋው ሊሆን ይችላል። የችግኙ ቁመት ከፕላስቲኩ ቁመት ከእጥፍ ባይበልጥ መልካም ነው፤ ይኸውም ለ15 ሳንቲ ሜትር ፕላስቲክ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ማለት ነው። ከመቶው ሁለት ሦስቱን ቀድዶ ማየትም ብልህነት ነው። ሥሩ አፈሩን ይዞ ወደ ታች ከወረደ ጥሩ ነው፤ ከታች እንደ ቀለበት ከዞረ ግን ገንዘብ አይከፈልበት። ካለፈው ዓመት ያደረ ችግኝ በተለይ ይመርመር።

ሲተከል ፕላስቲኩ ጨርሶ ይውጣ። ጥቂት የዞረ ሥር ቢገኝ በጎኑ ሁለት ሦስት ቦታ በምላጭ ይቆረጥ። ከብት እንዳይበላው ፕላስቲኩ ተለቅሞ ይወሰድ። ሥሩ ከዝናቡ ጋር እንዲይዝ ተከላው ከቡሄ በፊት ቢያልቅ ይመረጣል።

ስለ ትምህርቱ የቀረቡ ጥያቄዎች

ሀ) የተጠቀለለ ሥር ጉዳቱ በመደብ ላይ ሳለ የማይታየው ለምንድን ነው?
ለ) ጠፍጣፋ ስፋቱ 10፣ ቁመቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ ሲሞላ የአፉ ስፋት ምን ያህል ነው?
ሐ) ባሕር ዛፍን በጠባቡ በመስከረም መዝራት ምን ጉዳት ያመጣል?
መ) በሰፈርዎ ባለው የችግኝ ጣቢያ ለጽድ የሚሰጠው ልክ የትኛው ነው? ሥሩንስ አይተውት ያውቃሉ?